ባለ አምስት ኮከቧ እትዬ ከድጃ

እትዬ ከድጃ የእኔን ነገር ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም ነበር?

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ አንስቼ እንደጣልኩት እንጃ። አንዳንድ ቀን፣ ምን ጥርጥር አለው፣ ያውቁ ነበር እላለሁ። በማግስቱ ደግሞ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሶላታቸውን የሚያከብሩ አንዲት ትልቅ ሴት ለራሳቸው ሲሉ ያደረጉትን ሁሉ ለቃቅሜ «ለእኔ ብለው ነው» ማለቴ እብሪት ሆኖ ይታየኛል። ልጠይቃቸው እችል ነበር። ዳላስ አጠገብ ባለችው ሌዊስቪል በአንድ ሕንፃ፣ እሳቸው ከታች እኔ ከላይ፣ ለዓመታት ኖረናል። ደረጃውን ወርዶ በራቸውን ማንኳኳት ነበር። አላንኳኳሁም።

መሞታቸውን የነገረችኝ የባለቤቴ እህት ትዕግስት ናት። መርዶ በስልክ አይነገርም ይባላል፤ እዚህ ግን ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ነው። «ቁጭ ብለሻል?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ነበር፤ የምሠራበት መጋዘን ቢሮ ውስጥ የገባ ዕቃ እየመዘገብኩ። «እትዬ ከድጃ አረፉ፣ የሺ። እህታቸውን ሊጠይቁ በሄዱበት፣ ደሴ። ትናንት ተቀበሩ አሉ።» ከዚያ በለቅሶዋ መሀል ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣትና፣ «ባለ አምስት ኮከቧ!» አለች።

ይህን ስም ስሰማ ሁልጊዜ አንገቴን እደፋለሁ። ያን ቀንም ደፋሁ፤ በስልክ ማን እንደሚያየኝ እንጃ።

እትዬ ከድጃ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ገፊ ነበሩ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ፈጣን ሴት። ብዙ ዓመት ከመግፋታቸው የተነሳ ባዶ እጃቸውን ሲሄዱ እንኳ ሁለት ክንዶቻቸው ወደ ፊት ዘርጋ ይላሉ፤ ገበያ ውስጥ ከኋላ ያያቸው ሰው የማይታይ ወንበር የሚገፉ ይመስለዋል። መንገድ የዘጋባቸውን «ይቅርታ» አይሉትም፤ «በግራ ነኝ!» ይሉታል፣ እንደ ሥራቸው። ኪሳቸው ተምር አይጠፋውም። የሕንፃው ልጅ ሁሉ፣ የእኛም የሜክሲኮዎቹም፣ ተምር መብላት የለመደው ከዚያ ኪስ ነው። ማጽናኛቸው «አብሽሪ» ናት። መኪናው ለተበላሸበትም «አብሽር»፣ ባሏ ጥሏት ለሄደባትም «አብሽሪ»፤ ድምፃቸው ግን ለሁለቱ አንድ አልነበረም።

ደግሞ ቀልደኛ ነበሩ። እኔ የምፈራቸውም ለዚህ ነው።

«ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሕመምተኛ፣ የቆመ ሁሉ ጤነኛ እንዳይመስልሽ» ይሉ ነበር ስለ ሥራቸው ሲያወሩ። ነገሩ የመጣው ከእኛው ሰው ነው። ልጆች እናት አባታቸውን ከአገር ቤት ሲያስመጡ፣ ቋንቋ ስለማይችሉ እዚያ ሁሉ ኮሪደር ውስጥ እንዳይጠፉ ብለው ትኬቱ ላይ ዊልቸር ያዛሉ። እናም የእኛ ሰዎች የሚመጡበት አውሮፕላን ሲያርፍ፣ ባለፈው ሳምንት ዳገት ሲወጡ የነበሩ ሽማግሌዎችን በሙሉ ዊልቸር ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። አንዱን አባት ሊያስቀምጧቸው ቢሉ፣ «እኔ ተቀምጬ ሴት ልትገፋኝ? ነውር ነው!» ብለው እምቢ አሉ። እትዬ ከድጃም፣ «አባቴ፣ ባዶ ወንበር ይዤ ብሄድ አለቃዬ ይቆጣኛል» አሏቸው። ሰውየው አሰቡ፤ አሰቡና «እንዲያማ ከሆነ አንቺ ተቀመጪ» አሉ። እትዬ ከድጃን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ ደልድለው፣ ራሳቸው እየገፉ ፓስፖርት እስከሚታይበት ወሰዷቸው።

«ወላሂ፣ ሲገፉ ደግሞ እንዴት ያውቁበታል!» አሉኝ። «ፓስፖርት የሚያየው ልጅ ተጓዡ ማን ነው ሲል ሁለታችንም እጃችንን አወጣን።»

ይህን የነገሩኝ ገና እንደተዋወቅን፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ ነው፤ እኔ ቅርጫት ተሸክሜ ቆሜ። እጃቸውን ሲያወጡ ቅርጫቱን እግራቸው ሥር ጥዬ ወደ ላይ ሮጥኩ። «ደህና ዋሉ» እንኳ አላልኩም።

የራሴን ነገር እዚህ ላይ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ልጄን ማክዳን ስወልድ ምጡ ከብዶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽንቴን መያዝ አቃተኝ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሳስል፣ ሳስነጥስ፣ ከባድ ነገር ሳነሳ፣ ወረፋ ሲረዝምብኝ፣ ከሁሉም በላይ ግን ስስቅ። ከወለድኩ በኋላ ለምርመራ ስሄድ ሐኪሟ ቋንቋዬን ስለማትችል አስተርጓሚ በስልክ አመጣችልኝ። «ጤና ይስጥልኝ እህቴ» ሲል ድምፁን ለየሁት፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እሑድ እሑድ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ነበር። «ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ ወይ ትላለች» አለኝ። «ምንም የለም» አልኩ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛውን ተማርኩት፤ ቃሉን በሁለት ቋንቋ አውቀዋለሁ፤ በአንዱም አልተናገርኩትም።

ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ አዲስ አበባ በማታ ትምህርት ቤት፣ በኋላም እዚህ ኮሌጅ ከልጆች ጋር። ክፍል ውስጥ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ዓይን አፋር ናት አሉኝ። ጥቁር ቀሚስ እለብሳለሁ፤ ጨዋ ናት አሉኝ። ቀልድ ሲመጣ ተነስቼ እወጣለሁ፤ ቁም ነገረኛ ናት አሉኝ። ሰው ቤት ሻይ አልጠጣም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት በማታ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ሳነበው፣ ይህን የተረተው ሰው ምን ዓይነት በሽታ ነበረበት ብዬ አስቤ ነበር። ሪህ ይሆናል። ሪህ ለማንም ይነገራል።

ከልብስ ማጠቢያው ቀን በኋላ እትዬ ከድጃ መኪና ማቆሚያው ላይ አገኙኝና፣ «አንቺ፣ እኔ ጅብ ነኝ የምትሸሺኝ? ወይስ ጥርስሽን ለበዓል ነው ያስቀመጥሽው?» አሉኝ። መሬት መሬት አየሁ። ቅርጫቴን በሬ ላይ አምጥተው አስቀምጠውት ነበር፣ ልብሱን አጣጥፈው። ለዚያ እንኳ አላመሰገንኳቸውም።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላስታውስም፤ ግን ቀስ በቀስ አንድ ልማድ አመጡ። ወሬ ሊጀምሩልኝ ሲሉ መጀመሪያ «ቁጭ በይ» ይላሉ። ደረጃው ላይም ቢሆን፣ የመኪናዬ በር ተከፍቶም ቢሆን። «ቁጭ በይ፣ የእኔ ወሬ ቆመው የሚሰሙት አይደለም።» ከሌላው ሰው ጋር ቆመው፣ እየሄዱ፣ በመስኮት እየጮኹ ነው የሚያወሩት። እኔ ተቀምጬ፣ እግሬን አጣምሬ፣ ጥቂት ጥቂት መሳቅ ቻልኩ። ይህ ማስረጃ ይሆናል? አይሆንም። ሰው ሲመጣ ቁጭ በል ማለት የወሎ ሰው ወግ ነው።

ማክዳ ዘጠኝ ዓመት በሞላት ሰመር እሷና የትዕግስት ልጆች ሆቴል ካላደርን አሉ። በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል ያለው የመዝናኛ ፓርክ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ሄደው ማታ የሚመለሱበት ነው። ትዕግስትም መጀመሪያ፣ «የራሳችንን አልጋ አንጥፈን ትተን የሰው አልጋ ልንከራይ?» ብላ ስቃ ነበር። ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ሲከፈት «ቬኬሽን ሄድን» ማለት ይፈልጋሉ፤ ለዚያ ደግሞ ማደር ግድ ነው። ትዕግስት ነገር ማደራጀት ትወዳለች፤ አንዴ ከተነሳች አትመለስም። እሑድ ከሰዓት ፍሪስኮ ከተማ ባለው ቤቷ ሰበሰበችን፤ እኔን፣ ማክዳን፣ የራሷን ሁለት ወንዶች ልጆችና እትዬ ከድጃን። እትዬ ከድጃን የጠራቻቸው ልጆቹ ስለሚወዷቸው ነው፤ ልጆቹን የሚከታተልላት ሰው ስለምትፈልግም ነው።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ሆቴሎች ነበሩ። አንደኛው ፓርኩ አጥር ውስጥ ነው፤ ከክፍል ወጥቶ በእግር መግባት ነው። ሌላው ከሀይዌዩ ማዶ ነው፤ ቁርስ አለው፣ የመዋኛ ገንዳ አለው፣ ሸትል የሚሉት ትንሽ አውቶቡስ እየተመላለሰ ይወስዳል ይመልሳል። «አንቺ አንባቢ ነሽ፤ ሰው የጻፈውን አንብበሽ የሚሻለውን ንገሪን» ተብዬ ነበር። አንብቤያለሁ። ሰው ስለ ትራሱ ጽፏል፤ ስለ ፓንኬኩ ጽፏል፤ ሸትሉ በፀሐይ ምን ያህል እንደሚያስቆም በምሬት ጽፏል። እኔ የምፈልገውን የጻፈ አንድም ሰው የለም። በመጨረሻ የፓርኩን ካርታ ከፍቼ ሽንት ቤቶቹ የት የት እንዳሉ በቃሌ አጠናሁ፣ እንደ ፈተና።

«እሺ ምሁሯ» አለች ትዕግስት፣ «የትኛው ይሻላል?»

ውስጥ ያለው፣ አለ ልቤ። አፌ ግን፣ «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» አለ።

«ሁለቱም! ይህን ለማለት ነው ሳምንት ሙሉ ያነበብሽው? ሶ፣ ማዶውን ቡክ አደርጋለሁ። ለእንቅልፍ ብቻ ውስጥ ማደር ምን ያደርግልናል? ጠዋት በሸትል ገብተን ሲመሽ በሸትል መውጣት ነው።»

ጠዋት ገብቶ፣ ሲመሽ መውጣት። ልብስ የምቀይርበት ክፍል ከሀይዌይ ማዶ። በትዕግስት ልጆች ፊት፣ በልጄ ፊት ሊሆን የሚችለው ሁሉ ታየኝ።

«እኔ እንኳን ፈተና አለብኝ» አልኩ። «ማክዳን ይዛችኋት ሂዱ።»

ማክዳ ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ ጋር ትጫወት ነበር። ቀና አላለችም። «ማሚ ሁሌ ፈተና አላት» አለቻቸው፣ ሳትከፋ፣ እንደታወቀ ነገር። የትምህርት ቤቷ ጉዞ ላይ ፈተና ነበረኝ። የዋና ትምህርቷ ቀን ፈተና ነበረኝ። የጓደኛዋ ልደት ላይ ፈተና ነበረኝ። ብትከፋብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ማዶ አላድርም» አሉ እትዬ ከድጃ።

ትዕግስት ከስልኳ ቀና አለች። «ምን አሉ እትዬ?»

«ማዶ አላድርም አልኩ። ዓመት እስከ ዓመት የሰው ወንበር ስገፋ ኖሬ በዕረፍቴ የአውቶቡስ ወረፋ አልቆምም። ጉልበቴስ? ሶላቴንስ የት ልሰግድ ነው፣ ከፈንዲሻ ሻጩ ጎን?»

«ኧረ እትዬ፣ ውስጡ እኮ ቁርስ እንኳ የለውም!»

«ተምር አለኝ።»

«ውድ ነው ደግሞ።»

«ይሁና። ካልሆነ ልጆችሽን ራስሽ ሩጪና ያዣቸው፤ እኔ ቤቴ እተኛለሁ።»

ትንሹ ልጅ ብድግ አለ። «ኖ! እማማ ከድጃ ካልመጣ እኔም አልመጣም!»

«አይ እትዬ» አለች ትዕግስት፣ ግማሽ ንዴት ግማሽ ሳቅ፣ «ባለ አምስት ኮከብ ሆኑብኝ እኮ!»

«ነኛ! እስካሁን ሳታውቂ ነው የኖርሽው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ፈተናሽን ይዘሽ ነይ። ከእኔ ጋር ነው የምታድሪው። እኔ ስሰግድ አንቺ ታነቢያለሽ።»

ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ልብስ የሚያስቀይር ቦርሳና አንድ መጽሐፍ ይዤ፣ ሄድኩ።

ፓርኩ ውስጥ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከቤቴ ስወጣ ውሃ የመጠጣት ልማድ የለኝም፤ እኩለ ቀን ላይ ዓይኔ ብዥ አለ። እትዬ ከድጃ ውሃ ገዝተው ክዳኑን ከፍተው ያዙልኝ። «አልጠማኝም» አልኩ። «የጠማሽን ማን ጠየቀሽ? ጠጪ። ክፍላችን ያውና» አሉ በአገጫቸው እያሳዩ። ጠጣሁ።

ጥቂት ቆይተው፣ «ነይ አጅቢኝ፣ ልሰግድ ነው» አሉ። ትዕግስት ልጆቹን ይዛ ወረፋ ላይ ቀረች፤ «ይሂዱ እሺ፣ ባለ አምስት ኮከብ!» እያለች። ክፍላችን ስንገባ መጀመሪያ እሳቸው ውዱእ አድርገው፣ ለሶላት ተጣጥበው ወጡ። «መታጠቢያው ተለቋል» አሉኝ። ከዚያ ምንጣፋቸውን አነጠፉ፤ ጀርባቸውን ለእኔና ለመታጠቢያ ቤቱ በር ሰጥተው ቆሙ።

የሚሰግድ ሰው አይዞርም፤ አያወራም፤ ምን ሆነሻል ብሎ አይጠይቅም። ገባሁ። ታጠብኩ፣ ቀየርኩ፣ ያወለቅኩትን በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ሥር ከተትኩ። ወጥቼ አልጋው ጫፍ ላይ መጽሐፌን ይዤ ስቀመጥ ነው ሶላታቸው ያለቀው።

«ጨረስሽ ማንበብ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንሂድ።»

እንዲህ እየሆነ ዋለ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ውሃ ያጠጡኛል፤ ቆይተው «ነይ አጅቢኝ» ይላሉ። ነገር ሳላጣራ የማልተው ሰው ስለሆንኩ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ስለ ሶላት ሰዓቶች አነበብኩ። በሰመር ከቀትሩ ሶላት ከዙህር እስከ ከሰዓት በኋላው ዐስር ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ በመካከሉ ሌላ ግዴታ ሶላት የለም። እኛ ግን በመካከሉ ተመላልሰናል። አብራኝ የምትሠራ አንዲት የከሚሴ ልጅ ብጠይቃት፣ «ሱና ይሆናላ፣ በፈቃድ የሚሰገደው፤ ያለፋትን ሶላት የምታወጣም ትኖራለች። መስገድ መች ይከለከላል?» አለችኝ። ስለዚህ ውሸት አልነበረም። ሰግደዋል። ለምን እንደሰገዱ የሚያውቀው የተሰገደለት ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ማክዳ ከከፍታ ወደ ውሃ በሚወረወረው ጀልባ አብረን እንውጣ አለች። አይሆንም አልኳት። ጩኸትና ሳቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁለቱም እሸሻለሁ። ፊቷ ሲጨልም እትዬ ከድጃ መጡና ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው ጠንካራ ነበር።

«የሚወርደውን ሰው ተመልከቺ» አሉኝ። «አንድ ደረቅ ሰው ይታይሻል?»

አየሁ። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሕፃን ያቀፈችው፣ ሁሉም ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ውሃ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ማንም የማንንም ልብስ አያይም።

ወጣሁ። ጀልባው ከጫፉ ላይ ሲወረወር ማክዳ ክንዴ ላይ ተለጠፈች፤ ውሃው ከላይ ከደነን፤ እኔም ሳቅኩ። እሷን ከወለድኩ ወዲህ ስቄ የማላውቀውን ሳቅ፣ አፌን ከፍቼ፣ ምንም ነገር ሳልይዝ፣ ምንም ነገር ሳልጠብቅ። ስንወርድ ልጄ እየሮጠች ቀደመችኝ። «እማማ! እማማ! ማሚ ሳቀች! ጮክ ብላ ሳቀች!»

እትዬ ከድጃ ወደ እኔ አላዩም። ለትዕግስት ልጆች ተምር እያደሉ፣ «ታዲያ ሰው ቬኬሽን መጥቶ ሊያለቅስ ነው?» አሉ።

ከዚያ ጉዞ የቀረው ግን ስሙ ነው። ትዕግስት ወሬውን አሳምራ ታወራዋለች፤ ለክፋት አልነበረም፤ ሰው አሳቃ ማደር ትወዳለች። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ «እትዬ ከድጃ መጡ፣ ወንበሩን ጥረጉት! ባለ አምስት ኮከብ ናቸው» ይባላል። እሳቸውም ስቀው ይቀመጣሉ። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ግን ወሬው እሾህ አበቀለ። አንዴ አንድ ልደት ላይ ወጥ ቤት ዕቃ ሳጥብ፣ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ «ቀን ዊልቸር ገፊ፣ ማታ ሆቴል መራጭ። መቀናጣት እኮ ነው!» አለች። እትዬ ከድጃ በሩ ላይ ነበሩ። ሰምተዋል። «በግራ ነኝ!» ብለው በመሀላቸው አልፈው የውሃ ብርጭቆ አንስተው ወጡ። እኔ እጄ ሳሙና ውስጥ እንዳለ ቆምኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያቺ አንድ ቃል ግን ከአፌ የማትወጣዋ ነበረች። በሰውነቴ ማፈር ለምጄዋለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአፌም አፈርኩ።

ወደ ደሴ የሄዱ ቀን ኤርፖርት የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። በመንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ስንደርስ የሥራ ጓደኞቻቸው ዊልቸር ይዘው በሩ ላይ ጠበቋቸው፤ ዛሬ የምንገፋዎት እኛ ነን ብለው በግድ አስቀመጧቸው፣ ሻንጣቸውን ተሸከሙላቸው፣ አጨበጨቡላቸው። አጎንብሼ ጉንጫቸውን ሳምኩ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት…» አልኩና ቀረሁ። ጥቂት ጠበቁኝ። ከዚያ እጄን ይዘው፣ «ቁጭ በይ እንዳልልሽ ወንበሩን ዛሬ እኔ ወሰድኩብሽ» አሉኝ። ሳቅኩ፤ ቆሜ። ከዚያም ምን እንደሆንኩ የማውቀው እኔ ነኝ። «አብሽሪ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ለመኪና የሚሉት ዓይነት አልነበረም። ተገፍተው ሄዱ። ያ የመጨረሻችን ነው።

ለቅሶው የወንድማቸው ልጅ ቤት ነበር። ቁርዓን ተቀራ፤ ሴቶቹ አለቀሱ፤ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ዞረ። የለቅሶ ቤት ሻይ እምቢ ማለት ከበደኝ፤ ጠጣሁ፤ ሲደግሙልኝም ጠጣሁ። ከሰዓት በኋላ በትዕግስት መኪና ስንመለስ ሀይዌዩ ላይ አደጋ ደርሶ መንገዱ ተዘጋግቶ ጠበቀን። መኪናው ትንሽ ይሄዳል፤ ይቆማል።

«ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ትዝ የሚለኝ ያ ሆቴል ነው» አለች ትዕግስት ዓይኗን እየጠረገች። «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ድሎት ይወዱ ነበር።»

«አይወዱም ነበር» አልኩ።

«ተይ እንጂ! አንቺም እኮ ነበርሽ። ቁርስ የሌለው ሆቴል ካልሆነ ብለው…»

«ትዕግስት፣ ድሎት አይወዱም ነበር።»

ድምፄ ከፍ ማለቱን እኔም ሰማሁት። ዘወር ብላ አየችኝ። ከፊታችን ያለው መኪና ተንቀሳቅሶ እኛ አልተንቀሳቀስንም።

«ውስጥ ማደር የፈለግሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ሽንት አልይዝም። ማክዳን ከወለድኩ ጀምሮ። ወረፋ መቆም አልችልም፤ ሸትል መጠበቅ አልችልም፤ መሳቅ አልችልም። ለእሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም። ግን ውስጥ ባናድር ኖሮ እኔ አልመጣም ነበር። ስም የወጣላቸው በእኔ ነው።»

ሰው የደበቀውን ሲናገር ቀለል ይለዋል ሲባል አንብቤያለሁ። እኔን አልቀለለኝም። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ፤ የመኪናውን በር ከፍቼ በዚያ ሁሉ መኪና መሀል ልሄድ ቃጣኝ። ትዕግስት መሪውን እንደያዘች ዓይኗን ከእኔ አንስታ ወደ መንገዱ አዞረች። ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለች፣ ውይ እህቴን ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ።

«አሁንስ?» አለች።

«አሁን ምን?»

«አሁን ሽንት ቤት መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። «ግድ የለም፣ ቤት እስክንደርስ» የሚለው የለመድኩት መልስ አፌ ላይ ነበር።

«አዎ» አልኳት። «በጣም።»

ፍሬቻ አበራች። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ እጇን አውጥታ እያውለበለበች፣ በሚጮኹባት መኪኖች መሀል ወደ ቀኝ፣ ወደ መውጫው መቁረጥ ጀመረች።